ጉም ነው

ሥራዬ ዲሽ ነው፤ መሰላል በትከሻ፣ ብሎን በኪሴ፣
ሰማይ እተክላለሁ በየቆርቆሮው ላይ፣ ላይ ታች በደሴ።
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ ምስሉ ይበጣጠሳል፣ ድምፁ ይነጠቃል፣
ቧንቧው ሲደርቅ ዝም ያለ ሰው "አራጋው ድረስ!" ይላል፣ ለምስል ይጨነቃል።

ዘንድሮ ደግሞ መጣ አንድ ትርጉም ድራማ፣
ከሆጤ እስከ ሸዋ በር የሰው ልብ ቀማ።
ሦስት ሰዓት ሲሆን ባለሱቅ ይዘጋል፣
ባጃጅ ዳር ይዞ ይቆማል፣
ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳ ደጃፍ አንኳኩቶ "ጀመረ ወይ?" ይላል።

ሰዎቹ ተራ ናቸው፤ ዕዳ አለባቸው፣ ሳል አለባቸው፣
አንድ ሌሊት ብቻ፣ ሳይጠሩት፣ ኃይል አደረባቸው።
ፀሐፊዋ በረረች ታኮ ጫማ ይዛ፣
ነርሷ የሰው ሐሳብ ሰማች፣ ዓይኗ ፈዛ፣
ሰዓት ጠጋኙ ጊዜን በጣቱ ገታ፣
ሻንጣ ተሸካሚው ግን፣ ያ ዝምተኛው፣ አንድ ማታ
መዳፉን ግንብ ላይ ጣለ፤ ግንቡ እንደ እርጎ ተፈታ።

እኛም በእመት ዘይነባ ቤት፣ ፍራሽ ላይ ተጋፍተን፣
እንደ ቅርጫ ሥጋ ኃይሉን ተካፈልን፣ መደብ መደብ ሠርተን።
ሸጋው ባለ ባጃጁ መብረሩን ወሰደ፣
"ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ ዕድሜዬ ሄደ።"
ሰዓዳ ጊዜን አለች፣ ፈተናው ደርሶባት፤
ብርቄ ግን ሐሳብ መስማቱን ሲሰጧት፣
"የባሌን ሐሳብ? ይቅርብኝ፤ ዝምታው ራሱ ያሳድረኛል ሳልተኛ።"
እመት ዘይነባ አልመረጠች፤ ማንም አልጠየቃት ከእኛ።

ኑርዬ ልጇ ነው። በባቲ ወረደ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣
ከጂዛን ግንብ ጀርባ ሁለት ረመዳን አፈጠረ።
ስልኩ ዝግ ነው።
ያ ሻንጣ ተሸካሚ ግንብ በነካ ቁጥር
የእሷም እጅ ከጉልበቷ ይነሳል፣ አየር ላይ ይዘረጋል፣
"ቢስሚላህ" ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ እሱ እንዳይደነግጥ።

የመጨረሻው ክፍል፣ ዝናብ። ወህኒ ቤት ገባ ሰውየው፣
አንድ ጉብል በእጁ ይዞ ግንቡን ጠጋ አለው፤
ትከሻው ገባ፣ ክንዱ ገባ፣ የልጁ ጣት ገባ...
ድርግም።
"ኃይል ሄደ!" አለ ሸጋው፤ አልሳቀም ማንም።

የመብራት ኃይሉ ይመር ከታች ምሰሶ ላይ ወጣ፣
በብረት ጥፍር እየቧጠጠ፣ ዶፉን እየጠጣ፤
እሱም ባለ ኃይል ነው፣
ደመወዙ ግን እስከ ወር አጋማሽ እንኳ አይበርም።
እኛ ጨለማ ውስጥ። አንዱ የስልኩን ባትሪ ሲያበራ "አጥፋው" አለች፣
ጥቁሩ መስኮት ላይ ዓይኗን እንደተከለች።

አራት ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ፤ የቀለም ማስታወቂያ።
"ወጣ?" አለችኝ።
"ወጣ።"
"ልጁስ?"
"ልጁም።"

ሌሊት ለእህቴ ደወልኩ፤ ቧንቧ ውሃ መብራት አልጠፋም።
ሰውየው ብቻውን ወጣ፣ ግንቡ ልጁን አላሳለፈም፤
በእጁ የቀረው የእጅጌ ቁራጭ ነው አለችኝ፣ ድምፇ እየተቆረጠ።

ድጋሚው ስድስት ሰዓት ነው፣ በጠራራ።
ጎህ ሲቀድ ጣሪያዋ ላይ ወጣሁ፣ እንደ ድመት፣ እንደ ሌባ፣
አንዷን ብሎን አላላሁ፣
ዲሹን ሁለት ጣት ያህል ወደ ገደሉ አዞርኩት።
ዕድሜዬን ሙሉ ምስል ሳመጣ ኖሬ
ምስል ከለከልኩ ዛሬ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠራችኝ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ፦
"አራጋው፣ በረዶ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ ምን ሆነ?"
"ጉም ነው እመት፣ የጦሳ ጉም ነው" አልኳት።
ቀና ብላ አየች።
ጦሳ ከነዛፉ፣ ከነአንቴናው፣ ጥርት ብሎ ቆሟል።
"አዎ" አለች፤ "ጉም ነው።"